ፎልደሩ ሦስት ይላል

ሰፈርተኛው ሁሉ «ሦስቴ» ነው የሚላት። ስም ጠፍቶላት አይደለም፤ የግቢዋን በር ስትቆልፍ አንዴ ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣላት ስለማይችል ነው። ቁልፉን ታዞራለች፣ ታወጣለች፣ መልሳ ትከታለች፣ ደግማ ታዞራለች። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር ብላ ታየዋለች። ምድጃውም እንደዚያው፣ የውሃ ቧንቧውም እንደዚያው። ልጇ ትንሽ ሳለች ደብተሮቿን ሦስት ጊዜ ከቦርሳ እያስወጣች ሦስት ጊዜ ስታስከትታት፣ ልጅቷ እያረፈደች የአንደኛ ክፍልን ግማሽ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ቆማ ነው የጨረሰችው ይባላል። ይህን የሚለው ባሏ ስለሆነ ትንሽ ይቀነስለት።

ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ አፉ ከመኪናው ይፈጥናል። የዚያን ሰኞ ጠዋት ደጅ ቆሞ ሲጠብቃት ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተሳፋሪው ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

«ተሳፋሪ ሾፌሩን ጥሎ በምን ይሄዳል?»

«በእግሩ ነዋ! ለመሆኑ የምታዪው ቁልፉን ነው በሩን?»

«ቁልፉን ሳላይ በሩን በምን አውቃለሁ?»

እሱም በአንድ ጣቱ በሩን ነካ አደረገው። በሩ እያዛጋ ተከፈተ። ከሰሞኑ ዝናብ ወዲህ ዘመም ብሎ ኖሮ፣ መወርወሪያው ከቀዳዳው በታች ነበር ሦስት ጊዜ የተወረወረው። ባሏ እስኪያስለው ሳቀ። ሦስቴ ኩም አለች፤ በሩን በትከሻዋ ደግፋ አነሳችና እንደገና ቆለፈችው። ስንት ጊዜ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሥራዋ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ማይክ ፊት የምትቀመጥ ግን እንዳትመስላችሁ፤ እሷ የድምፅ ጎተራ ጠባቂ ናት። ምድር ቤቱ ውስጥ ሹራብ ካልደረቡ የማይቆዩባት ቀዝቃዛ ክፍል አለች፤ እዚያ አሥራ ሁለት የኮምፒውተር ማሽኖች በሁለት መደርደሪያ ተሰልፈው ያለ ዕረፍት ያጉተመትማሉ። ጣቢያው ያስተላለፈው ሁሉ እነሱ ሆድ ውስጥ ነው። አንድ ፋይል እንደ ዳቦ ይቆራረስና ቁራሹ እዚህም እዚያም ይቀመጣል፤ ፈላጊ ሲመጣ ማሽኖቹ ተጠራርተው፣ ቁራሹን ገጣጥመው፣ ምንም እንዳልተቆረሰ አድርገው ያቀርቡለታል።

የትኛው ፋይል ስንት ቅጂ ይኑረው፣ የትስ ይቀመጥ የሚለውን የምትወስነው ሦስቴ ናት። በየፎልደሩ ደንብ ትጽፍበታለች። ዕለታዊ ዜና አንድ ቅጂ ይበቃዋል፤ ወር ሲሞላው ይጣላል። ማስታወቂያ ሁለት። «የማይጠፉ» ብላ የሰየመችው ፎልደር ግን ሦስት፤ ሦስቱም በተለያየ ማሽን ላይ። አንዱ ማሽን ቢቃጠል ሁለት ቅጂ አለ፤ ሁለቱ ቢቃጠሉም አንድ አለ። «ሦስቱም በአንድ ቀን ከተቃጠሉ ግን» ትላለች፣ «ያን ቀን ስለ ቅጂ የሚያስብ የለም፤ ሁላችንም ሩጫ ላይ ነን።»

ከ«የማይጠፉ» ውስጥ ብዙውን ቦታ የያዘው «የእሑድ ደብዳቤ» የሚባል የድሮ ፕሮግራም ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በየሳምንቱ የተላለፈ፤ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቴፕ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት። የአድማጮችን ደብዳቤ የምታነበውን ሴት አገሩ ሁሉ «እትዬ እሑድ» ይላት ነበር። ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ተቀምጦ የሚቀዳት ቴክኒሺያን የእትዬ እሑድ የራሷ ባል ነው፤ ኪሱ የሽቦ ቁራጭ አጥቶ ስለማያውቅ «ጋሼ ሽቦ» ይባላል። እሷ ከሞተች በኋላ የመጨረሻዎቹን አራት የሥራ ዓመታት ያሳለፈው ቴፖቹን አንድ በአንድ ወደ ማሽኖቹ በመገልበጥ ነበር። ሲጨርስ፣ ቴፖቹን ሻጋታ በልቷቸው ስለነበር ሁሉም እንዲወገዱ ታዘዘ። ጋሼ ሽቦ ቴፖቹ የተጫኑበትን ጋሪ ጠርዝ ይዞ አለቅም አለ።

«ልጄ፣ ሦስት ነው ያልሽኝ?»

«ሦስት ነው ጋሼ።»

«አይተሽዋል?»

«ሦስት ጊዜ።»

እጁን ከጋሪው ላይ ያነሳው ያኔ ነው። ሦስቴም የማስወገጃው ወረቀት ላይ ፈረመች።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የራሱን ማዳመጫ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይመጣል። በቅደም ተከተል አንድ ቴፕ ብቻ ሰምቶ ይሄዳል። ያለፈው ወር አርባ ሁለተኛው ነበር። ሦስቴ አንዳንዴ «ጋሼ፣ ዛሬስ ሁለት ይስሙ» ስትለው፣

«አስበሽበታል?» ይላታል። «በወር አንድ ከሆነ ሁሉንም እስክጨርስ መቶ አሥራ ሰባት ዓመት መኖር ግዴታዬ ነው። ሁለት ሁለት ካልኩ ዕድሜዬን በግማሽ ቆረጥሽው ማለት ነው።»

የሚመጣው ለደብዳቤዎቹ አይደለም። እያንዳንዱ ቴፕ መጀመሪያ ላይ፣ ሙዚቃው ሳይገባ፣ እትዬ እሑድ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ «ትሰማኛለህ?» ትለዋለች። እሱ አውራ ጣቱን ያነሳላታል። ይህችን ሁለት ሰከንድ ፕሮግራሙን ለአየር ሲያበቃው ይዘላታል እንጂ ከቴፑ ላይ ቆርጧት አያውቅም። ዛሬም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ፣ ባዶውን ግድግዳ እያየ አውራ ጣቱን ያነሳል። ያኔ ሦስቴ ሥራ የበዛባት መስላ ፊቷን ወደ ስክሪኗ ታዞራለች።

እንግዲህ የዚያን ሰኞ ረፋድ ማሽን ሰባት ሞት ተፈርዶበት ነበር። አርጅቷል፤ ማራገቢያው ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ያንኮራፋል። ሲወጣ ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ ያለውን ሁሉ ለጎረቤቶቹ እንዲያስረክብ ሁለት ቀን መስጠት፣ ወይ ማጥፋትና ሌሎቹ ከራሳቸው ቅጂ የጎደለውን እንዲሞሉ መተው። ሦስቴ ሁለተኛውን መረጠች። ዜናው ያለው አሥርና አሥራ አንድ ላይ ነው፤ የቀረው ሁለትም ሦስትም ቅጂ አለው፤ ምን ያስፈራል? ያም ሆኖ የማሽኖቹን ሁኔታ የሚያሳየውን የስክሪኗን ሰሌዳ አየች። «ቅጂ የጎደለው ፋይል፦ ዜሮ» ይላል። ደግማ አየችው፤ ዜሮ። ሦስተኛ ጊዜ፤ ዜሮ። አጠፋችው። ስምንቱን ሃርድ ዲስክ ነቅላ በካርቶን አደረገችና ወደ ጥገና ክፍል ወሰደችው።

የጥገናው ሰውዬ «ነገ» ነው የሚባለው። ለምን እንደተባለ ለማወቅ የኮሪደሩን አምፖል ማየት ይበቃል፤ ስምንት ወር ሙሉ ነገ ሊቀየር ነው። ባለፈው ዓርብ ሦስቴ ትዕግሥቷ አልቆ ሰው ፊት አፍጥጣበት ነበር፦ «አንተ ሰው፣ በሕይወትህ አንድ ነገር እንኳ በዕለቱ ሠርተህ ሙት!»

«እነዚህ ይበሱ» አለችና ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አሮጌ ዲስክ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ የጣቢያው ድምፅ ከቁራሌ ጋር እንዳይወጣ።

«እሺ አለቃዬ።»

ከመበሳቱ በፊት ሦስት ቀን መቆየት አለበት የሚል ደንብ አለ፤ ያወጣችውም ራሷ ናት። ለሌላ ሰው ቢሆን «ሦስት ቀን ይቆይ» ትለው ነበር። ለነገ «ቆይ» ማለት ግን ለድንጋይ «አትሩጥ» እንደ ማለት መሰላት። ሳትነግረው ወጣች።

ክፍሏ ስትመለስ ሰሌዳው ብጫ ሆኗል፤ ማሽን ሰባት አይመልስም፣ ግማሽ ሰዓት ልጠብቀው፣ ይላል። አንድ ሰው ገመድ በእግሩ ጠልፎ ነቅሎ እንደሆነ ተብሎ የተቀመጠ ትዕግሥት ነው። ሻይ ቀዳች። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ የጎደሉት ቅጂዎች ቁጥር እንደሚመጣ፣ ከዚያም እያነሰ እያነሰ እንደሚሄድ ታውቃለች። ይህን ማየት ደስ ይላታል፤ ሰው ባዶ ማሰሮ ሲሞላ ቆሞ እንደሚያየው ዓይነት ነው።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ሰሌዳው ቀላ።

«ምንም ቅጂ የሌለው ፋይል፦ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

መጀመሪያ ሳቀች። ሰሌዳው አብዷል አለች። ደግማ አነበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ቁጥሩን አወቀችው። በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት የሚባል አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው።

«የማይጠፉ»ን ከፈተች። ደንቡ ላይ «ሦስት» ይላል። እፎይ ልትል ስትል አንድ ነገር ያዛት። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ፎልደሩን ትታ ፋይሉን ራሱን ጠየቀችው። የመጀመሪያው ቴፕ፣ የሚገባው ቅጂ፦ አንድ። ሁለተኛው፦ አንድ። ሰባት መቶኛው፦ አንድ።

ክው ብላ ቀረች።

የሚገርመው ነገሩን ማወቋ ነው። በየዓመቱ ለአዲስ ሠራተኞች በጥቁር ሰሌዳ እየሣለች የምታስተምረው እሷ ናት፦ የፎልደር ደንብ የሚይዘው እዚያው ውስጥ የተወለደውን ፋይል ነው፤ ከሌላ ቦታ የተዛወረ ፋይል አድራሻው ይቀየራል እንጂ የትውልድ ቦታውን ደንብ ይዞ ነው የሚመጣው። የእሑድ ደብዳቤ የተወለደው «መቀበያ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነበር። ጋሼ ሽቦ ለአራት ዓመት ሲገለብጥ የተጠቀመበት፤ ደንቡ አንድ ቅጂ፣ ቦታው ማሽን ሰባት፣ ያኔ አዲስና ፈጣን እሱ ስለነበረ። ወደ «የማይጠፉ» ስታዛውራቸው የቀድሞውን ደንብ የሚሽር አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ነበር የቀራት። ልትሰጥ አስባ ነበር። ከዚያ ፎልደሩን አየች፤ ሦስት። አየች፤ ሦስት። አየች፤ ሦስት። ፈረመች። ማሽኖቹ አልዋሹም። አንድ ያዙ ተባሉ፣ አንድ በታማኝነት ያዙ፣ ምንም አልጎደለም አሉ።

«ዲስኮቹ!» ብላ ጮኸች፤ ለማን እንደጮኸች እሷም አታውቅም።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታስታውስም። አንድ ጫማዋ መሃል ላይ ቀርቷል። የጥገናው በር ጋ ስትደርስ የመሰርሰሪያው ጩኸት ተቀበላት።

«ነገ! ተው! በሞቴ ተው!»

ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ አድርጓል። ጀርባውን ሰጥቷት፣ በፉጨት እያዜመ፣ ትከሻውን እየነቀነቀ ይሠራል። ሮጣ የመሰርሰሪያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። ነገ ዞሮ ሲያያት ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ።

«አለቃዬ! እንግዲህ ማን እንደሚቀልድብኝ አያለሁ! አምስቱን ጨርሻለሁ፣ ስድስተኛውን መጀመሬ ነው!»

ጠረጴዛው ላይ አምስት ዲስኮች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ መሃሉ ላይ ሦስት ሦስት ንጹሕ ቀዳዳ አለው። የስድስተኛው ክዳን ላይ መሰርሰሪያው የጀመረው ጭረት ይታያል፤ ገና አልገባም። ሦስቴ ወለሉ ላይ፣ ብረት ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ? ምን አጠፋሁ? ቆይ አላልሽኝማ!»

«አላልኩህም» አለች። «አላልኩህም።» ያልተበሱትን ሦስት ዲስኮች ሰብስባ አቀፈች።

እስከ ምሳ ሰዓት ሦስቱን ዲስኮች ማሽን ሰባት ውስጥ መልሳ አስነሳችው። የተረፈውን ቁራሽ ሁሉ ሦስት ቅጂ ይሁን ብላ አዘዘች፤ በዚህ ጊዜ ትእዛዙን ለፎልደሩ ሳይሆን ለፋይሎቹ ለራሳቸው ሰጠችው። ከዚያ ቆጠረች። እያንዳንዱ ቴፕ አምስት ቁራሽ ነው፤ ቁራሾቹ በስምንቱ ዲስክ ተበትነው ነበር። ሙሉ ሆኖ የተገኘ አሥራ አንድ ቴፕ። ምንም ያልተረፈለት አንድ መቶ ሠላሳ አንድ። የቀሩት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባው ቦጫጭቀዋል፤ ስድስት ደቂቃ አለ፣ ስድስት ደቂቃ የለም።

ለዳይሬክተሩ ደወለች።

«ቴፖቹስ?» አላት።

«ተጥለዋል።»

«ማን ፈረመ?»

«እኔ።»

«የሆነውን በዝርዝር ጻፊልኝ» አለና ዘጋው። ያ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል።

ጋሼ ሽቦ ማዳመጫውን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ እንደ ወትሮው ኮቱን በበሩ እጀታ ላይ ሰቅሎ ገባ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ እንደ ባዶ ቴፕ ሆነሳ? ባልሽ ዛሬም በአውቶቡስ ጥሎሽ ሄደ?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ተቀምጬ የለ እንዴ!»

ለካ ተቀምጧል። ሦስቴ ወሬውን ጀመረችው፣ ምላሷ ተሳሰረ፤ ደግማ ጀመረችው፣ አልሆነላትም። በሦስተኛው ሳትደብቅ፣ ሳታለዝብ፣ ከመቀበያው እስከ መሰርሰሪያው ነገረችው። ጋሼ ሽቦ ሲሰማ በጣቶቹ መሃል የነበረችው የሽቦ ቁራጭ እየታጠፈች እየታጠፈች ሄዳ ተሰበረች።

«ሦስት ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬዎት ነበር።»

«አይቻለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ያየሁት ፎልደሩን ነው ጋሼ። ፋይሉን አላየሁም።»

«እና ምኑን ነው ያየሽው?»

«በሩ ላይ የለጠፍኩትን ጽሑፍ። ‹እዚህ ቤት ሦስት ሰው ይኖራል› ብዬ ጻፍኩ፣ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፣ ገብቼ ግን ሰዎቹን አልቆጠርኩም።»

በሩ ላይ ነገ ቆሟል፤ የጆሮ መከላከያውን እንደ ኮፍያ በሁለት እጁ ይዞ። «ጋሼ፣ የበሳሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። «አንተ? አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የዛሬን ሥራ ዛሬ የምትሠራው?»

ማንም አልሳቀም። ቀልዱን የተናገረው ሰው እንኳ እንደተናገረው የገባው ቆይቶ ነው። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«እኔስ ብሆን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምኑ ቂል ነኝ? አሥር አሥሩን በቀን መስማት ስችል፣ በወር አንድ እያልኩ ስቆጥብ። የትም አትሄድም ብዬ።»

ሦስቴ ይህን ስትሰማ ከሰሌዳው መቅላት በላይ ደነገጠች። የጠፋው ምን እንደሆነ እስካሁን የቆጠረችው በቁራሽ ነበር።

«አርባ ሦስተኛውስ?» አለ።

«ሁለት ቁራሽ አለው። መጀመሪያው... መጀመሪያው የለም ጋሼ። እስከ ስድስተኛው ደቂቃ ዝም ነው።»

«ያለው ስንት ቅጂ ነው አሁን?»

አፏን ስትከፍት አቋረጣት። «አትንገሪኝ፤ አሳዪኝ።»

ስክሪኑን አዞረችለት። ፎልደሩን አልፋ፣ ፋይሉን አልፋ፣ ቁራሹ ድረስ ገባች፦ ሁለተኛው ቁራሽ፣ ማሽን ሁለት፣ ማሽን አምስት፣ ማሽን ዘጠኝ። አምስተኛው ቁራሽ፣ ማሽን አንድ፣ ማሽን አራት፣ ማሽን አሥራ ሁለት። ጋሼ ሽቦ በጣቱ የስክሪኑን መስታወት እየነካ ቆጠራቸው።

«በይ ክፈቺው።»

«ከሁለተኛው ቁራሽ ልጀምርልዎት?»

«ከመጀመሪያው።»

ማዳመጫውን ሊሰካ ገመዱን አነሳና ተወው። «ዛሬ ለብቻዬ አልችለውም። በድምፅ ማጉያው ይሁን።»

ከፈተችው። ማጉያው ውስጥ ምንም የለም፤ ሹክሹክታ እንኳ የለም። ስክሪኑ ላይ ሰከንዱ ብቻ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጋሼ ሽቦ ግድግዳውን እያየ ነበር። አራተኛው ሰከንድ ላይ አውራ ጣቱን አነሳ።

ነገ ይህን ልማድ አያውቅም፤ «ምንድን ነው?» ብሎ በዓይኑ ሦስቴን ጠየቃት። ራሷን ነቀነቀችበት። ሦስቱም ዝምታውን ሙሉ ስድስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ሰሙት። ከዚያ በድንገት፣ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ፣ ሞቅ ያለ የሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦

«...በሩን አረንጓዴ ቀባው፣ ዝም አልኩ። ወንበሮቹን አረንጓዴ ቀባ፣ ዝም አልኩ። ትናንት ግን ድመቷ አረንጓዴ ሆና መጣች። እባክሽ እትዬ እሑድ፣ የተረፈውን ቀለም የት ልደብቅበት?»

እትዬ እሑድ ራሷ እያነበበች ሳቋን መያዝ አቃታት። የጋሼ ሽቦ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አይለይም። ነገ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ። ድምፁ እንደ መጣው በድንገት ተቆረጠ፤ እንደገና ዝምታ ሆነ፤ መጨረሻ ላይ ደህና ሁኑ ስትል ተገኘች።

ሦስቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የሚላትን ጠበቀች። ቢሰድባት ፈቃዷ ነበር።

«አርባ አራተኛውን ክፈቺ» አላት።

«ጋሼ፣ የወሩን ሰምተዋል እኮ...»

«ወር ምን ያደርግልኛል ከእንግዲህ? ክፈቺ አልኩ።»

ከመክፈቷ በፊት ቁራሾቹን አየች። ሦስተኛው የለም። አራተኛው የለም። የመጀመሪያው አለ፤ በሦስት ማሽን ላይ አለ። ምንም አላለችውም። ተጫነችው፤ በዚህ ጊዜ ግን ፊቷን ወደ ስክሪኑ አላዞረችም።

ሽማግሌው ዝምታ እንደሚጠብቅ ሰው ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ትሰማኛለህ?» አለ ማጉያው።